አንባቢውን ማን አባረረው?

እኛ አገር አንድ ነገር ሲከስር ጥፋተኛው ቀድሞ የታወቀ ነው፤ ደንበኛው። ቴአትር ቤቱ ባዶ ከሆነ «ሕዝቡ ጥበብ አይገባውም»፤ መጽሐፉ ካልተሸጠ «ሕዝቡ ማንበብ ይጠላል»፤ ምግብ ቤቱ ጭር ካለ «ሰዉ ኪሱ ተራቁቷል» ይባላል። ምናልባት ወጡ ጨው በዝቶበት ይሆን ብሎ የሚቀምስ የለም። አሁን ደግሞ ተራው የጋዜጣ ድረ ገጾች ሆኗል። አዘጋጁን ጠይቁ፣ አሳታሚውን ጠይቁ፣ የማስታወቂያ ክፍሉን ጠይቁ፤ መልሱ አንድ ነው። «አንባቢው ሁለት መስመር አይቶ ይሄዳል። የዛሬ ሰው ትዕግሥት የለውም። ስልክ አጥፍቶታል።»

እንዴ! እስቲ ረጋ ብለን እንነጋገርበት።

ይህ «ትዕግሥት የለውም» የተባለው ሰው ማታ ጋደም ብሎ በዩቲዩብ የሁለት ሰዓት ቃለ መጠይቅ ሲያደምጥ ያመሻል። ቴሌግራም ላይ በየክፍሉ የሚለቀቅ ልብ ወለድ እየተከታተለ «ቀጣዩ መቼ ነው?» ብሎ ደራሲውን ይጨቀጭቃል። የሚወደው የእንግሊዝ ክለብ ስለሚያስፈርመው ተጫዋች ሦስት ቦታ ያነብባል፣ አምስት ቦታ ይከራከራል። ትዕግሥትማ አለው። ትዕግሥቱን የሚያኖርበትን ቦታ መርጧል እንጂ።

ሌላም ማስረጃ አለ። ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ ጋዜጣ እንደ አሸን በፈላበት ዘመን አራት ኪሎና ፒያሳ የተመላለሰ ሰው የጋዜጣ ኪራይን አይረሳም። ለመግዛት አቅም ያጠረው አንባቢ ለአዟሪው ጥቂት ሳንቲም ይከፍልና፣ ድንጋይ ላይ ወይም የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብሎ አንብቦ ይመልሳል። ወንበር የለ፣ ጥላ የለ። ፀሐዩ አናቱን ይጠብሰዋል፣ ታክሲው አቧራ ያለብሰዋል፣ አከራዩ ደግሞ «ጨርስ እንጂ ወንድሜ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» እያለ ይነዘንዘዋል። እሱ ግን ከክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያው ይጀምርና ወደ ፊት ገጹ ይመለሳል፤ ርዕሰ አንቀጹን፣ የፍርድ ቤት ወሬውን፣ የአንባቢ ደብዳቤውን፣ ስፖርቱን ያነብባል፤ አልፎ ተርፎ የጨረታ ማስታወቂያውንም ሳይጨርስ አይነሣም። ጨረታ የሚገባ ይመስል!

ያ ሰው ዛሬ የኢንተርኔቱን ሂሳብ ሳንቆጥር ያንኑ ጋዜጣ በነፃ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ያለ ማንም ንዝንዝ በእጁ ይዞታል። ግን ሩብ ደቂቃ አይቆይም። አንባቢው ያው ነው፤ ጋዜጣው ያው ነው። የተለወጠው መሐል ላይ ያለው ነገር ነው።

የእኛ ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። ጃኮብ ኒልሰን የሚባል የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጥናት፣ ከተፈተኑት ሰዎች 79 በመቶዎቹ አዲስ ገጽ ሲከፍቱ በዓይናቸው ይቃኛሉ እንጂ አያነቡም፤ ቃል በቃል ያነበቡት 16 በመቶ ብቻ ናቸው አለ። ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉልኝ። ያን ጊዜ ፌስቡክ የለም፣ ቲክቶክ የለም፤ አይፎን የተባለው ስልክ ገበያ ላይ ሊውል ገና አሥር ዓመት ይቀረዋል። እንግዲህ «ስልክ አጥፍቶታል» የሚለው ክስ፣ ተከሳሹ ሳይወለድ ለተፈጸመ ጥፋት የቀረበ ክስ ነው ማለት ነው።

ቶኒ ሄይል የተባለ ሰው ደግሞ አለ። ቻርትቢት የሚባለውና የድረ ገጽ አንባቢን በየሴኮንዱ የሚከታተለው ኩባንያ ኃላፊ የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ታይም መጽሔት ላይ ሲጽፍ፣ አንድ ገጽ ከከፈቱ ሰዎች 55 በመቶዎቹ ከ15 ሴኮንድ በላይ አይቆዩም አለ። ጽሑፍ ያለባቸው ገጾች ብቻ ተለይተው ሲታዩ እንኳ ከሦስት ሰው አንዱ እንዲሁ ነው። ከዚህ የሚገርመው ሌላው ግኝቱ ነው፤ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ስላጋራው ብዙ ሰው አነበበው ማለት አይደለም። ሳያነቡ ማጋራት የእኛ ፈጠራ አይደለም ማለት ነው!

ታዲያ ዓይን መቃኘቱ በራሱ ጥፋት አይደለም። መርካቶ የገባ ሰውም እየቃኘ ነው የሚሄደው። ሁሉም ሱቅ ደጃፍ ላይ አይቆምም። የሚያስቆመው ዕቃ ሲያይ ግን ይቆማል፣ ይዳስሳል፣ ይከራከራል፣ ይገዛል። ነጋዴው «ይህ ገበያተኛ ትዕግሥት የለውም» ብሎ ሲያለቅስ አልሰማንም። ዕቃውን ወደ ፊት ያወጣል እንጂ።

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይላል ያገሬ ሰው። ጋዜጦች ወደ ኢንተርኔት ሲሰደዱ ጠጁን ይዘው ብርሌውን ረሱት። ኒው ዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ1996 ድረ ገጹን ሲከፍት ሌላውም ተከተለ፤ ወረቀቱ ላይ የታተመውን አንሥቶ ስክሪን ላይ መለጠፍ እንደ ሥልጣኔ ተቆጠረ። የእኛዎቹ መከራ ደግሞ እጥፍ ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ በአማርኛ የተጻፈውን ወይ እንደ ፎቶ አንሥቶ መለጠፍ ነበር፣ ወይ አንባቢው ልዩ የፊደል ፕሮግራም ኮምፒዩተሩ ላይ እንዲጭን ማዘዝ ነበር። ዋሽንግተን የሚኖረው ወንድማችን ያገሩን ወሬ ናፍቆ ሲከፍት የሚያገኘው የባዶ ሳጥን ሰልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የተሸጠው የማይክሮሶፍት ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን የግዕዝ ፊደል ይዞ ሲመጣ ግን ይህ ሰበብ እየቀለለ ሄደ። ዛሬ ፊደላችን በማንኛውም ስልክ ላይ ይነበባል። ስለዚህ ፊደሉን መክሰስም አይቻልም።

በሉ አሁን አንባቢውን ተከትለን እንግባ። መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ አንድ ሰው አስቡ። አንድ ርዕስ ዓይኑን ሳበውና ነካው። መጀመሪያ የባንክ ማስታወቂያ ስክሪኑን ይሞላዋል። የሚዘጋበትን ምልክት ይፈልጋል፤ ምልክቷ ከምስር ፍሬ ታንሳለች፤ ሲነካት ትስትና ባንኩ ድረ ገጽ ውስጥ ይገባል። ይመለሳል። አሁን ደግሞ «አዳዲስ ዜናዎች እንዲደርስዎ ይፈልጋሉ?» ይባላል። ኧረ መጀመሪያ ይቺን አንዷን ላንብብ! እሷን ይዘጋል። አንድ አንቀጽ ሲያነብ፣ ከላይ የነበረ ፎቶ ዘግይቶ ይመጣና ጽሑፉን ቁልቁል ይገፋበታል፤ የት እንደ ነበር ይጠፋዋል። ሁለተኛው አንቀጽ ሥር «ይህንንም ያንብቡ» የሚል ሌላ ርዕስ አለ። ጎኑ ላይ «በብዛት የተነበቡ» የሚል ዝርዝር አለ። ልብ አድርጉ፤ ይህን ሁሉ ያደረገው ጋዜጣው ራሱ ነው። እንግዳ ጠርቶ፣ ገና ጎንበስ ብሎ ሊቀመጥ ሲል «ያኛው ክፍል ይሻላል፣ የለም ያኛው ይሻላል» እያለ ከቤት ወደ ቤት የሚያዞር ባለቤት አይታችኋል? እንግዳው መጨረሻ ላይ ምን ያደርጋል? በሩን አይቶ ይወጣል።

ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2006 የ232 ሰዎችን የዓይን እንቅስቃሴ ተከታትሎ ነበር። አብዛኛው ሰው የገጹን የላይኛውን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ያያል፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ አጠር አድርጎ ይደግማል፤ ከዚያ በግራ ጠርዝ ቁልቁል ይወርዳል። እንግዲህ የአንባቢው ዓይን በደንብ የሚያርፈው መጀመሪያዎቹ ቃላት ላይ ነው ማለት ነው። ይህን ይዛችሁ የኛን ዜና አነሣሥ ተመልከቱ። «የእገሌ ባለሥልጣን የሕዝብ ግንኙነትና ኮሙኒኬሽን ዳይሬክቶሬት ዳይሬክተር አቶ እገሌ፣ የመሥሪያ ቤቱን የስድስት ወራት የሥራ አፈጻጸም አስመልክተው ትናንት በጽሕፈት ቤታቸው ለጋዜጠኞች በሰጡት መግለጫ እንዳስታወቁት…» የስልኩ ስክሪን እዚህ ላይ አለቀ። ምን እንደ ተፈጠረ ገና አልሰማንም። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ማን አለ፣ የት አለ፣ መቼ አለ ተብሎ ተብሎ ነው «ምን» የሚመጣው። ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ገፍቶ ለደረሰ ጽኑ አንባቢ፣ ለካ ዜናው ከሰኞ ጀምሮ ውኃ በፈረቃ ይሆናል የሚል ነው!

ቋንቋው ግን አልበደለም። «ከሰኞ ጀምሮ ውኃ በፈረቃ ነው» ብሎ መጀመር በአማርኛም ይቻላል፤ እናቶቻችን ለጎረቤት ሲነግሩ እንዲያ ነው የሚጀምሩት። የዳይሬክተሩ ሹመት ሁለተኛው አረፍተ ነገር ላይ ቢመጣ ማንም ከሥልጣን አይወርድም። ወረቀቱ ላይ ይህ አጻጻፍ ብዙም አይጎዳም ነበር፤ ዓይን ዘሎ ወደ መሐል ይገባል፣ ሙሉ ገጹ ፊት ለፊት ነው። ስልክ ላይ ግን መዝለያ የለም። ከላይ ያለው ካልያዘ ከታች ያለው እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

ይህን ማስተካከል አድካሚ ስለሆነ ብዙዎች አቋራጭ መረጡ። «ጉድ ነው!»፣ «ያልተጠበቀው ሆነ!»፣ «ሰበር!»። ሰው ይከፍታል። ውስጡ የሚያገኘው ግን የትናንቱን መግለጫ ነው። አንዴ ይታለላል፣ ሁለቴ ይታለላል፤ በሦስተኛው «እነዚህን አውቃቸዋለሁ» ብሎ ያልፋል። ያን ጊዜ እውነተኛ ሰበር ዜና ቢመጣ ማን ያምናል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸ ነው። ለአንድ ቀን መንገደኛ ሲባል የዘወትር ደንበኛ ተሸጠ።

ፈረንጆቹም በዚሁ መንገድ ሄደው ወድቀውበታል። የኒው ዮርክ ታይምስ የድረ ገጽ የፊት ገጽ ጎብኚዎች እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 ባለው ጊዜ በግማሽ መቀነሳቸውን ከጋዜጣው ቤት ሾልኮ የወጣ የውስጥ ሪፖርት በ2014 አሳየ። ሰዉ በዋናው በር መግባት ትቶ በፌስቡክ ጓሮ በር ነው የሚመጣው ተባለ። ከዚያ ሁሉም ወደ ጓሮው ሮጠ። ፌስቡክ ቪዲዮ ይወዳል ሲባል ጸሐፊ እየቀነሱ ቪዲዮ ቀራጭ የቀጠሩ ነበሩ። በ2016 ፌስቡክ ራሱ፣ ሰዎች ቪዲዮ የሚያዩበትን አማካይ ጊዜ አጋንኖ ሲቆጥር እንደ ነበር አመነ። በ2018 መጀመሪያ ደግሞ ከዜና ይልቅ የወዳጅ ዘመድን ወሬ እንደሚያስቀድም አስታወቀ፤ በጓሮ በር የተማመኑት ሁሉ አንድ ማለዳ ተነሥተው በሩ ተቆልፎ አገኙት። በሰው ግቢ ሱቅ የከፈተ ሰው የባለቤቱን ዐመል መቻል አለበት።

«ታዲያ ምን ይብሉ?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ያ ሁሉ ብቅ ባይ ማስታወቂያ የመጣው ከክፋት ሳይሆን ከጭንቀት ነው። የአሜሪካ ጋዜጦች የማስታወቂያ ገቢ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ 49 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2020 ከ10 ቢሊዮን በታች ወርዷል። የሥራ ማስታወቂያው፣ የቤት ኪራዩ፣ ያገለገለ መኪና ሽያጩ ከጋዜጣ ወጥቶ ሌላ ቦታ ሰፈረ። እኛም ዘንድ ሥራ ፈላጊው ማለዳ አራት ኪሎ መውረዱን ትቶ ክፍት ቦታውን ከቴሌግራም ያገኛል። የወረቀትና የኅትመት ዋጋ መናርም ሲጨመርበት፣ በአንድ ወቅት መደብ ሞልተው ይዘረጉ ከነበሩት ጋዜጦች ስንቶቹ እንደ ቀሩ በጣት መቁጠር ይቻላል።

ግን የራበው ነጋዴ የመጨረሻ ደንበኛውን ኪስ በመዳበስ አይጠግብም። በማስታወቂያ የታፈነ ገጽ አንባቢ ያባርራል፤ አንባቢው ሲቀንስ ማስታወቂያው ይረክሳል፤ ሲረክስ ቁጥሩ ይበዛል፤ ሲበዛ የቀረውም አንባቢ ይሸሻል። ከዚህ አዙሪት የወጡት ማስታወቂያ አስነጋሪውን ሳይሆን አንባቢውን ጌታዬ ያሉት ናቸው። ኒው ዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2011 «ማንበብ የፈለገ ይክፈል» ሲል ብዙዎች ሳቁበት። በ2023 ከፋይ ደንበኞቹ 10 ሚሊዮን አለፉ። የእንግሊዙ ጋርዲያን ደግሞ በሩን ክፍት ትቶ ከ2016 ጀምሮ አንባቢውን «የቻላችሁትን አዋጡ» ብሎ መለመን ጀመረ፤ ብዙዎች አዋጡለት። ሰው የሚያከብረው ቤት ሲያገኝ ይከፍላል።

«የኛ ሰው ለጋዜጣ ድረ ገጽ አይከፍልም» ልትሉኝ ነው። ይኸው እኮ ነው የተረሳው! የኛ ሰው ኪሱ ባዶ በሆነበት ዘመን፣ ይዞት ለማይሄደው ጋዜጣ የኪራይ ከፍሏል። በትንሽ ሳንቲም ለአንድ ጊዜ ንባብ መክፈልን ከአራት ኪሎ ተከራይ የበለጠ ማን ያውቀዋል? ቴሌብር ከመጣበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጥቂት ብር ከስልክ ወደ ስልክ መላክ የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል። የጎደለው መክፈያ መንገዱ ሳይሆን «ብከፍል አይቆጨኝም» የሚያሰኘው ዕቃ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ ጋዜጣ ባለቤቶች ትርፍና ኪሳራ አዝኜ ብቻ አይደለም። የጠፋው ነገር ከዚያ ይበልጣል። ወረቀቱ ላይ ዜናዎች ጎረቤታሞች ነበሩ። ሥራ ፈልጎ የገለጠው ወጣት ሳያስበው ጎኑ ላይ ያለውን የምክር ቤት ክርክር ያያል። ኳስ ብሎ የመጣው የመሬት ወረራውን ዜና ሳያይ ወደ ኳሱ አይደርስም። የፖለቲካ ሰው የሆነው ደግሞ የአንዲት የቤት ሠራተኛን የፍርድ ቤት ጉዳይ አንብቦ ያዝናል። ማንም ያልፈለገውን እያነበበ የሌላውን ኑሮ ያውቅ ነበር። ጋዜጣው መጨረሻም ነበረው፤ የኋላው ገጽ ሲደርስ «የዛሬውን አወቅሁ» ብሎ ማጠፍ ይቻላል። ድረ ገጹ መጨረሻ የለውም፤ ስለዚህ ማንም ጨረስኩ አይልም፣ ሰልችቶት ይሄዳል እንጂ። ጎረቤትም የለውም፤ ኳስ የነካ ኳስ ብቻ ይመጣለታል፣ ሐሜት የነካ ሐሜት ብቻ።

በዚህ መሐል ማን ነው የሚጎዳው? ፍርድ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሦስት ሰዓት ሙሉ ክርክር አድምጦ የሚጽፈው ዘጋቢ ነው። የከተማውን በጀት ገጽ በገጽ የሚያገላብጠው ነው። የእሱ ጽሑፍ «ጉድ ነው!» የሚያሰኝ ርዕስ የለውም። የዕለቱ ቆጠራ ሲታይ ከአንዲት ዘፋኝ ጋብቻ በታች ይገኛል። አለቃው ቁጥሩን ያይና «ይህ አይነበብም» ይለዋል። በማግሥቱ ፍርድ ቤቱ ወንበር ላይ ማንም የለም። ዳኛውም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ ሹሙም ማንም እንደማያይ ያውቃሉ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ችሎት የምንሰማው፣ እዚያ ያልነበረ ሰው በቀጥታ ስርጭት ከሚያወራው ነው። ስለ አገሩ ጉዳይ በወሬ የሚኖር ሕዝብ ደግሞ ምን እንደሚሆን ባለፉት ዓመታት አይተነዋል፤ ማስረዳት አያስፈልግም።

ስለዚህ «አንባቢው ለምን አይቆይም?» ከማለት በፊት «ምን አቀረብንለት?» ቢባል ጥሩ ነው። ነገሩን ከላይ መንገር፣ የተናገሩትን ሹም ማዕረግ ዝቅ ብሎ መጻፍ። የያዝነውን ሰው ሳይጨርስ ወደ ሌላ ቦታ አለመጥራት። ርዕሱ ቃል የገባውን ውስጡ መክፈል። ትናንት የጀመሩትን ጉዳይ ዛሬ መከታተል፤ «ያ የተሰረቀው የቀበሌ ቤት ምን ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ሞልቷል፣ መልስ የሚሰጠው ነው የጠፋው። ይህ ሁሉ ኮምፒዩተር አዋቂ አይጠይቅም። አዘጋጅ ነው የሚጠይቀው።

በምኒልክ ዘመን በእጅ እየተጻፈ ይሠራጭ የነበረው የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ ስሙ «አእምሮ» ነበር። ማተሚያ ሳይኖረው፣ ፎቶ ሳይኖረው፣ ከቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ርቆ ሳይሄድ ስሙን ያንን አለው። ዛሬ ማተሚያም፣ ፎቶም፣ ዓለምን የሚያዳርስ መሥመርም አለ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የምንሟገተው ስለ አውራ ጣት ሆነ፤ ስንት ጊዜ ነካ፣ ስንት ጊዜ ገፋ። አውራ ጣትን የቆጠረ አውራ ጣት ያገኛል። አውራ ጣት ደግሞ ከመሄድ በቀር የሚያውቀው ነገር የለም።